ፍሬው ከጨንቻ፣ ቅመሙ ከደናችን

የቦንጋ እናቶችና አባቶች፣ ገና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ስለ በዓል መጠጥ ንገረን ብላችሁ ጋብዛችሁኛል። ግብዣውን በደስታ የተቀበልኩት ጉዳዩ ብዙም ሲነገርለት ስለማልሰማ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር የበጉና የዶሮው ዋጋ፣ የቅቤውና የሽንኩርቱ ነገር በየቤቱ ይነሳል፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲቀመጥ ምን እንደሚጠጣ ግን አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ጠጁ ተጥሏል፣ ለልጆቹ ደግሞ አንድ ሳጥን ለስላሳ ይመጣል፤ በቃ፣ አለቀ።

እኔ ዛሬ በዚህ ላይ አንድ ነገር እንድትጨምሩ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። አፕል ተከትፎ፣ በኮረሪማና በዝንጅብል ቀስ ብሎ ተቀቅሎ፣ በጫካ ማር ጣፍጦ፣ ትኩሱን የሚጠጣ መጠጥ ነው። በመጀመሪያ ይህ መጠጥ ከየት እንደመጣና ካፋን ለምን እንደሚመለከት እናገራለሁ። ቀጥዬ ወደ ቅመሙና ወደ ማሩ እገባለሁ፤ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ታገሱኝ። በመጨረሻ አሠራሩን ከነመጠኑ እነግራችኋለሁ። እስክሪብቶ የያዛችሁ ለዚያኛው አዘጋጁት።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። አፕል የትውልድ አገሩ መካከለኛው እስያ ነው፤ ዛሬ ካዛኪስታን በምንላት አገር ተራሮች ላይ የዱሩ አፕል እስከ አሁን ይበቅላል። ከዚያ ወደ አውሮፓ፣ ከአውሮፓም ወደ አሜሪካ ሄደ። በእነዚያ አገሮች አፕል የሚለቀመው ብርዱ ከመግባቱ በፊት ነው። ሰዉ ጭማቂውን ጨምቆ ያስቀምጥና ክረምቱ ሲከብድ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር አሙቆ ይጠጣዋል፤ በገና ሰሞን ደግሞ የእንግዳ ማስተናገጃ ይሆናል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህንን መጠጥ በደንብ ያውቁታል፤ ብርዱ ሲጠነክር በየካፌው ይሸጣል።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። አውሮፓውያን ፍሬው ነበራቸው፤ ቅመሙ ግን አልነበራቸውም። ቀረፋው ከስሪላንካ፣ ቅርንፉዱ ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነበር የሚመጣላቸው። ለዚህ ቅመም ሲሉ መርከብ ሠርተዋል፣ ጦርነት ገጥመዋል። እኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ቅመሙ ከቤታችን በስተጀርባ ባለው ጫካ ውስጥ ይበቅላል፤ የሌለን ፍሬው ነው። ፍሬው ደግሞ ከሩቅ አይመጣም፤ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ይመጣል። ፍሬው ከጨንቻ፣ ቅመሙ ከደናችን! ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህች ነጥብ አይወጣም።

ስለ ጨንቻ ትንሽ ልበል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ብርዱ በሚነክስ ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። አፕል እዚያ የገባው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በሚሲዮናውያን እጅ ነው፤ በኋላ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ችግኙን ለገበሬው በማዳረስ ትልቅ ሥራ ሠርታለች። ዛፉ እንቅልፉን ተኝቶ እንዲያብብና እንዲያፈራ ብርድ ይፈልጋል፤ ቦንጋ ላይ በደንብ የማይሆንለት ለዚህ ነው። የጨንቻ አፕል መልኩ ከውጭ እንደሚገባው አያብለጨልጭም፤ አነስ ያለ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ አንዳንዱም ጠባሳ አለው። ለጥሬ መብላት ይህ እንደ ጉድለት ይቆጠርበት ይሆናል። ለሚፈላ መጠጥ ግን እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ኮምጣጣነቱ ከማሩ ጣፋጭነት ጋር ይመጣጠናል፤ በጣም ጣፋጩ አፕል ማር ሲጨመርበት ይሰለቻል።

ደግሞስ ለካፋ ሰው በቅመም የተፈላ ትኩስ መጠጥ ምን እንግዳ ነገር አለው? ጨሞን የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከቃሪያና ከሌላውም ቅመም ጋር በሸክላ ተፈልቶ፣ እያቃጠለ ይጠጣል። ዓለም ይህንን ማየት የጀመረው ገና አሁን ነው። የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠል መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። እንዲህ ያለው ፈቃድ የሚሰጠው መጠጡ ከአውሮፓ ውጭ ለረዥም ዘመን ሰው ጠጥቶት ጉዳት እንዳላመጣ ሲታይ ነው። ያንን ያሳዩት በየጓዳቸው ሲያፈሉት የኖሩ እናቶች ናቸው። ስለዚህ እኔ የማቀርብላችሁ መጠጥ ለእጃችሁ አዲስ አይደለም። ዝንጅብሉን መጨፍለቅ፣ እሳቱን መቀነስ፣ ክዳኑን አለመክፈት፤ ይህንን ሁሉ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ቅመሙ እንግባ። የመጠጡ ነፍስ እዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ኮረሪማ። ገበያ የሚሄድ ሁሉ ኮረሪማን ያውቃል፤ ተክሉን በቦታው ያየ ግን፣ በተለይ ከከተማ ልጆች መካከል፣ ብዙ አይደለም። ኮረሪማ የዝንጅብል ዘመድ ነው። ቁመቱ ሰው ያህላል፣ ቅጠሉ ረዥምና አረንጓዴ ነው፤ ትልልቅ ዛፎች ባጠሉበት እርጥብ ቦታ፣ ከጫካው ቡና ጋር አብሮ ይኖራል። አበባውን ወደ ላይ አንጋጣችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። ጎንበስ ብላችሁ ቅጠሉን ገለጥ ስታደርጉ፣ ከግንዱ ሥር፣ ከመሬቱ ጋር ተጠግቶ ታዩታላችሁ፤ ፍሬውም እዚያው ነው የሚይዘው። ሲበስል ደማቅ ቀይ ይሆናል። ለቅመው ያደርቁታል፤ ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ ይጨማደዳል። ከዚያ በክር ይሰኩትና እንደ ዶቃ ተደርድሮ ወደ ገበያ ይወጣል።

ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። አንዱን ፍሬ ሰንጥቁት። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ዘሮች ቡናማ፣ የሚያንጸባርቁና ሙሉ መሆን አለባቸው። ሁለት ሦስቱን በጣታችሁ መካከል ጨፍልቁና አሽትቱ፤ ሽታው ጣታችሁ ላይ ከቆየ ጥሩ ኮረሪማ ነው። ዘሩ የገረጣና ቀሊል ከሆነ ሳይበስል ነው የተለቀመው። የሻጋታ ሽታ ካለው ደግሞ እንዲሁ ብትሰጡኝም አልወስድም። ሳይበስል መልቀም ሻጩንም ገዢውንም ይጎዳል። ገበሬው ሌባ ይቀድመኛል ብሎ ቶሎ ይለቅማል፣ ሽታው ይደክማል፣ ዋጋው ይወርዳል። እዚህ ያላችሁ የቀበሌ አመራሮች ይህንን ጉዳይ እንደ ቀላል አትዩት፤ ማሳው ከተጠበቀ ፍሬው ቀይ እስኪሆን የሚታገስ ገበሬ ይኖራል።

በውጭ አገር አሠራር ላይ ብዙ ጊዜ ሄል ይጠቀሳል። እኔ በሄል ፋንታ ኮረሪማ ነው የምለው፤ የመጣሁበት ቦታ ቦንጋ ስለሆነ ላስደስታችሁ ብዬም አይደለም። ሄል ሹል ነው፣ አፕሉን ይጫነዋል። ኮረሪማ ለስለስ ያለና ሞቅ የሚያደርግ ነው፤ ከፍሬው ጋር ይስማማል።

ሁለተኛው ቅመም ቲምዝ ነው። ይህ ዛፍ ተደግፎ የሚወጣ የጫካ ሐረግ ፍሬ ነው፤ ከትንሽ ጣት ያነሰ፣ ሲደርቅ የሚጠቁር፣ ከቁንዶ በርበሬ ጋር የሚዛመድ። እናቶቻችን ለመከለሻና ለበርበሬ ያውሉታል። የካፋ ቲምዝ የሚደርቀው ብዙውን ጊዜ ከምድጃ በላይ፣ በጭስ ነው፤ ስለዚህ ከማቃጠሉ በስተኋላ የጭስ ሽታ አለው። በዓለም ገበያ ላይ በቀረፋ የተሠራ የአፕል መጠጥ ሞልቷል፤ ይህ የጭስ ሽታ ግን ከኛ ጫካ ውጭ በቀላሉ አይገኝም። ለአንድ ድስት አንድ ፍሬ ይበቃል። ሁለት ካደረጋችሁ ልጆቹ አይጠጡትም።

ዝንጅብል አብራሩልኝ የምትሉ አይመስለኝም፤ እርጥቡ ይሻላል። ቀረፋና ቅርንፉድ ከሻይ ቅመም ጋር በየሱቁ ይሸጣሉ። እነዚህንም ከውጭ ብቻ እየጠበቅን መኖር የለብንም፤ ጎረቤታችን ቴፒ ያለው የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ቀረፋን ጨምሮ ብዙ ዓይነት ቅመም ላይ ሲሠራ ኖሯል።

ከቅመሙ ጋር ማሩን አብሬ ላንሳው። የካፋ ማር የጫካ ማር ነው። ቀፎው ረዥም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ማሩ ሲደርስ ሰው ሌሊት በገመድ ወጥቶ ያወርደዋል። እዚህ የተቀመጡ አባቶች ይህንን ከኔ በላይ ያውቃሉ። ማሩ እንደ አበባው ይለያያል። ገተም የሚባለው ትልቅ ዛፍ አብቦ ካለፈ በኋላ፣ ወደ ግንቦትና ሰኔ ገደማ የሚቆረጠው ማር ነጭ ነው፤ ጣዕሙ ለስላሳ ነው። ከግራዋ አበባ የሚገኘው ደግሞ ጠቆር ይላል፣ መረር ይላል። ለዚህ መጠጥ ነጩን ተጠቀሙ፤ አፕሉንም ኮረሪማውንም አይሸፍንም። ጠቆር ያለውን ለጠጅ አቆዩት፤ እዚያ ነው ቦታው።

እዚህ ላይ ልቆጣ ነው፤ ፍቀዱልኝ። የካፋ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ የጥብቅ ስፍራው ስፋት 760 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። ስለዚህ ደን ስንናገር ሁልጊዜ ቡናን እናነሳለን፤ ቡና ይገባዋል፣ የቡና ሙዚየሙም እዚሁ ከተማችን ላይ ቆሟል። ግን ኮረሪማው ጥላ ይፈልጋል፤ ቲምዙ የሚወጣበት ግንድ ይፈልጋል፤ ቀፎው የሚሰቀልበት ቅርንጫፍ፣ ንቡም የገተሙን አበባ ይፈልጋል። አንድ ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ አራቱም አብረው ይወድቃሉ። ዛፉን ከሰል አድርጎ የሚሸጥ ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው አንድ ጊዜ ነው። ከሥሩ ኮረሪማ የሚለቅም፣ ከላዩ ማር የሚቆርጥ በየዓመቱ ያገኛል። የኮረሪማ ገበያ የሚሰፋው ደግሞ ኮረሪማ የሚገባበት ነገር ሲበዛ ነው። ዛሬ ኮረሪማ ለቅቤና ለበርበሬ፣ አልፎ አልፎም ለቡና ነው። የበዓል መጠጥ ላይ ቢገባ፣ የቦንጋ ሆቴሎችና ካፌዎች ዝርዝራቸው ላይ ቢጽፉት፣ ሙዚየሙን ሊያይ የመጣ እንግዳ ቢቀምሰው፣ ትርፉ የሚመለሰው ወደ ደኑ ነው። ስለ አንድ ድስት መጠጥ ይህን ያህል የምደክመው ለዚህ ነው።

እሺ፣ እስክሪብቶ ያዙ። አሁን አሠራሩ ነው።

የምነግራችሁ መጠን ለአሥር ሰው ገደማ ይበቃል። መካከለኛ አፕል ስምንት፣ ውኃ ሦስት ሊትር፣ ኮረሪማ ሁለት ፍሬ፣ ቲምዝ አንድ፣ የአውራ ጣት ያህል እርጥብ ዝንጅብል፣ አንድ ስንጥር ቀረፋ፣ ቅርንፉድ አምስት፣ ግማሽ ሎሚ፣ ነጭ ማር አንድ የሻይ ብርጭቆ። ማሩን ስትቀምሱ ትጨምራላችሁ ወይም ትቀንሳላችሁ፤ እንደ አፕሉ ነው።

አፕሉን በደንብ እጠቡት፤ ልጣጩን ግን አታንሱ፣ ቀለሙና ሽታው ከሱ ጋር ነው ያለው። ለአራት ሰንጥቁት፣ መሐሉን ከነዘሩ አውጥታችሁ ጣሉት፤ የአፕል ዘር አብሮ መፍላት የለበትም። ከዚያ በስሱ ክተፉትና የሎሚውን ውኃ ጨምቃችሁበት አገላብጡት፤ እንዳይጠቁር ይረዳል።

ኮረሪማውን ሸልቅቁ፣ ዛጎሉን ጣሉ። ዘሩን በሙቀጫ ሸክሸክ ብቻ አድርጉት። ዱቄት ካደረጋችሁት መጠጡ ይደፈርሳል፣ ያመርራል፣ በወንፊትም አይያዝም። ዘሩ ለሁለት ለሦስት ከተሰበረ በቂ ነው። ዝንጅብሉን ከነልጣጩ አጥባችሁ ጨፍልቁት። ቲምዙን አንድ ጊዜ ስበሩት። ቀረፋና ቅርንፉዱ እንዳሉ ይግቡ።

ሁሉንም ከውኃው ጋር ድስት ውስጥ ጨምሩ። የሸክላ ድስት ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ ከሌለ አይዝጌ ብረት ይሁን። አፕልም ሎሚም አሲድ ስላላቸው ተራ የብረት ድስት ጣዕሙን ያበላሻል። አንዴ እስኪፈላ ድረስ እሳቱን አበርቱ፤ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱና ክዳኑን ገጥማችሁ አንድ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ይንተክተክ። መጽሐፍ ላይ ሠላሳ ደቂቃ የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ያ ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው ነው። ቦንጋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አፕሉ እስኪፈርስ ድረስ ጊዜ ይወስዳል። ክዳኑን ደጋግማችሁ አትክፈቱ፤ ቤቱን የሚያውደው ሽታ ሁሉ ከድስቱ የወጣ ጣዕም ነው። ቤቱ በጣም ከሸተተ መጠጡ ቀንሷል ማለት ነው።

አንድ ሰዓቱ ሲሞላ አውርዱት። በወንፊት ወይም በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥልሉት። ጨርቁን አጥብቃችሁ ከጨመቃችሁ መጠጡ ወፈር ይላል፤ ካልጨመቃችሁ ጠራ ያለ ይሆናል። እኔ ወፈር ያለውን እወዳለሁ፤ በብርድ ቀን ሆድ ላይ ይቆያል።

ማሩ የሚገባው አሁን ነው። አደራችሁን፣ ማሩን ከአፕሉ ጋር አታፍሉት! የጫካ ማር ሽታው በእሳት ይጠፋል፤ ያን ሁሉ ዛፍ ወጥተው ያወረዱትን ስኳር ብቻ አድርጋችሁ ትጠጡታላችሁ። ከእሳት ወርዶ፣ ተጣርቶ፣ እንፋሎቱ በረድ ሲል ማሩን አማስሉበት። ቅመሱ። ወደ ፔርሙስ ገልብጡት፤ እንግዳ ሲመጣ ትኩሱን በብርጭቆ ቅዱ።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ያለበት መጠጥ አይሰጥም፤ ይህ ሐኪሞች አጥብቀው የሚናገሩት ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከማሩ በፊት ይቀዳለት፤ እንደዚያም ሆኖ የፍሬው ስኳር አለና ጥቂት ይጠጣ። መጠጡን ሳሎን ላይ አታሳድሩት፤ ፍሬና ማር ያለበት ነገር ሙቀት ካገኘ መፍላት ይጀምራል። የተረፈውን ፍሪጅ አስገቡና በሁለት በሦስት ቀን ጨርሱት። ጉንፋን ያድናል፣ ደም ያጠራል ለሚሉ ምስክር አልሆንም። ጥሩ መጠጥ ነው፤ ይበቃዋል።

አፕል ውድ ነው የሚል ሰው እንዳለ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። እውነት ነው፣ ሁልጊዜም በየገበያው አይገኝም። አፕል ካጣችሁ በአናናስ ሥሩት፤ የአናናሱን ልጣጭ ሳይቀር አጥባችሁ አብራችሁ ቀቅሉት፣ ሎሚው ይቅር። ማንጎ አይሆንም፣ ይወፍራል። ፍሬ የሚባል ነገር ከሌለ ደግሞ ብርዝ አለ። ቅመሞቹን ያንኑ ያህል በውኃ ቀቅላችሁ፣ አጥልላችሁ፣ ማር ብታማስሉበት ትኩስ ብርዝ ነው። ፍሬው ሊቀያየር ይችላል። ቅመሙ ግን አይቀያየርም፤ ቅመሙ የኛ ነው።

ይህ መጠጥ ለማን ነው ካላችሁኝ፣ አልኮል የለውምና ለሁሉም ነው። ካፋ ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ካቶሊክም፣ ሙስሊምም ጎረቤታሞች ናቸው፤ በበዓል ቀን አንዱ የሌላውን ቤት ይጎበኛል። ጠጅ የማይጠጣው እንግዳ ለስላሳ ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል። የእንግዳ ክብር ይህ መሆን የለበትም። ባለቤቱ በእጁ የሠራው፣ ለሱም ለልጆቹም እኩል የሚቀዳ ነገር ሲኖር ሁሉም የበዓሉ ተካፋይ ይሆናል። ወተትም ቅቤም ስለሌለው በነቢያት ጾም ቀናት ሞክራችሁ መለማመድ ትችላላችሁ። ለገና ብቻም አይደለም። በመስከረም ዝናቡ ገና ሳይወጣ፣ ለማሽቃሮ በዓል ቦንጌ ሻምበቶ ላይ ውለን ስንመለስ ትኩስ ነገር የማይናፍቅ ማን ነው?

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ታኅሣሥ 29 ሳይደርስ በዚህ ሳምንት ወደ ገበያ ውጡ። ኮረሪማውን በክር እንደተሰካ፣ ቀይ ሆኖ በስሎ የተለቀመውን፣ ከለቀሙት እናቶች እጅ ግዙ፤ ዋጋም አትከራከሯቸው። ከነዛጎሉ አስቀምጡት፤ የምትሸለቅቁት ድስቱን በምትጥዱበት ቀን ጠዋት ይሁን።